መጋቢት 20ን ለረሳን ወገኖች

የሐረርና የድሬዳዋ ወገኖቼ ሆይ፣ ሚያዝያ 27ን ሁላችንም እናውቃለን። በ1928 ዓ.ም. የጣሊያኑ ማርሻል የባዶሊዮ ጦር አዲስ አበባ የገባበት፣ በ1933 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ወደ መዲናቸው የተመለሱበት ቀን ነውና ሥራ ዘግተን እናከብረዋለን። በዚያው ጦርነት በገዛ ምድራችን የተገጣጠመውን መጋቢት 20ን ግን እንደ ማንኛውም ቀን እናሳልፈዋለን፤ ለዚህ ልንወቀስ ይገባናል።

መጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያኑ ጄኔራል ግራዚያኒ የላካቸው 33 አውሮፕላኖች ሐረር ላይ 12 ቶን ቦምብ ጣሉ። ሐረር ውጊያ የማይደረግባት ክፍት ከተማ መሆኗ አስቀድሞ ታውጆ ነበር። ያንን አዋጅ አምኖ ከቤቱ ያልወጣ ሰው የአውሮፕላኑን ድምፅ ሲሰማ ምን ብሎ ይሆን እያልኩ፣ በግንብ በታጠረችው አሮጌ ከተማ በጀጎል ጠባብ መንገዶች ባለፍኩ ቁጥር አስባለሁ።

በአምስተኛው ዓመት፣ መጋቢት 20 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ጣሊያንን ከሚወጋው የእንግሊዝ ጦር ጋር የተሰለፉ የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ድሬዳዋ ገቡ፤ ሐረርን የናይጄሪያ ወታደሮች ከያዟት ሦስት ቀን ሆኗት ነበር። ወደ ድሬዳዋ የተቻኮሉት ከጣሊያን ጦር የከዱ ቅጥር ወታደሮች ሁከት በማስነሣታቸው ነው። ስለዚህ የዚያን ቀን ድል በእልልታ ብቻ የምትተርኩ ሰዎች፣ በሩን ዘግቶ በሥጋት ያደረውን ነዋሪ ከታሪኩ አታውጡት።

ግጥምጥሞሹንም ተአምር አታድርጉት። ሚያዝያ 27 ተመርጦ ነው፤ አዲስ አበባ መጋቢት 28 ከጣሊያን እጅ ወጥታ ሳለ፣ ንጉሠ ነገሥቱ የገቡት ጠላት በገባባት ቀን ነው። መጋቢት 20ን ግን ማንም አልመረጠውም። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የደንገጎን ዳገት ስንወጣና ስንወርድ በጋብቻና በንግድ የተሳሰርን ሰዎች ሆነን ሳለ፣ ሐረሬው የራሱን ሐዘን፣ ድሬዳዋውም የራሱን ደስታ ብቻ ይዞ መቀመጡ ነው እኔን የሚያንገበግበኝ፤ ያጋጠመን አንድ ወረራ ነው፣ ቀኑም አንድ ነው።

የቦምቡን ቀን በልጅነቱ ያየ ሰው ዛሬ ቢገኝ ዕድሜው ወደ መቶ ዓመት ነው። የቀሩን ከእናት ከአባታቸው የሰሙ አዛውንት ናቸው፣ እነርሱንም ሳንጠይቅ እየቀበርናቸው ነው። የሚመጣው መጋቢት 20 ሳይደርስ በየቤታችሁ ካሉት አጠገብ ተቀመጡ፤ የነገሯችሁን ከነሰፈሩ ስም ጻፉት።