ተፍቶ የመላስ ጥበብ

ኩባንያዎችን የምታሙ ሁሉ ውለታ አታውቁም። የደንበኛን አንጀት የሚያሳርር ውሳኔ እንዲሁ ከሰማይ አይወርድም፤ ስንት ስብሰባ ይፈጃል፣ ስንት ባለሙያ ይደክምበታል። ሕዝቡ ሲንጫጫ ደግሞ «ድምፃችሁን ሰምተናል» ይባላል። ሳይወስኑ በፊት መጠየቅማ ማንም ይችላል።

በቅልጥፍና የአሜሪካውን የስልክ ኩባንያ ቬሪዞንን የሚያህል የለም። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 29 ቀን 2011 ሂሳቡ በራሱ እንዲቆረጥ ሳያደርግ፣ በየወሩ ራሱ በስልክ ወይም በኢንተርኔት በካርድ ለሚከፍል ደንበኛ 2 ዶላር «የምቾት ክፍያ» አወጀ። ገንዘባችሁን ስለተቀበልኩላችሁ ክፈሉኝ ማለቱ ነው። በማግስቱ ተወው።

ሊቁ ግን የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር የሚያቀርበው ዩኒቲ ነው። ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023፣ ከመጪው ጃንዋሪ ጀምሮ ጌም በተጫነ ቁጥር እስከ 20 ሴንት እንደሚያስከፍል አስታወቀ። በዝቅተኛው ፈቃድ የሚሠራ ሰው ዓመታዊ ገቢው ከ200 ሺህ ዶላር፣ ጭነቱም ከ200 ሺህ ካለፈ ይመለከተዋል፤ ቀድሞ የወጣ ጌምም አይቀርለትም። ስሌቱ ያስደንቃል። በነፃ የሚታደልን ጌም ሚሊዮን ሰው ይጭነዋል፣ ከኪሱ የሚያወጣው ግን ጥቂቱ ነው፤ ስለዚህ ጌሙ ተወዳጅ በሆነ ቁጥር ሠሪው ይከስራል። ቂም የያዘ ተጫዋች እያጠፋ ደጋግሞ ቢጭነውስ? መጀመሪያ ይቆጠራል ተባለ፤ ወዲያው ደግሞ አይቆጠርም ተባለ።

በአሥር ቀን ውስጥ ይቅርታውም መጣ፣ ከገቢው 2.5 በመቶ እንዳይበልጥ ጣሪያም ተበጀለት። ኦክቶበር ላይ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ተሰናበቱ። በዓመቱ ክፍያው ከነጭራሹ ተሰረዘ። እጅ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው፦ በዚያው መግለጫ ከፍ ያሉት ፈቃዶች ዋጋ፣ የፕሮው 8 በመቶ፣ የትልልቅ ድርጅቶቹ የኢንተርፕራይዙ 25 በመቶ እንደሚጨምር ተነገረ። የምሥራቹም መርዶውም በአንድ ፖስታ።

ኔትፍሊክስ ይህን ቀድሞ ያውቀዋል። ጁላይ 2011 ላይ ፊልም በኢንተርኔትም በዲቪዲም ለሚወስድ ደንበኛ ወርሃዊውን ከ9.99 ወደ 15.98 ዶላር ሰቀለው። ሴፕቴምበር ላይ ዲቪዲውን ነጥዬ ክዊክስተር ልለው ነው አለ፤ ለአንድ ደንበኛ ሁለት ድረ ገጽ፣ ሁለት ሂሳብ። በዚያ ሩብ ዓመት 800 ሺህ ያህል ሰው ጥሎት ሄደ። ኦክቶበር 10 ክዊክስተር ቀረ፤ የቀረው ደንበኛ ድል አደረግሁ ብሎ ተደሰተ። 15.98ቷም ባለችበት ቀጠለች።