ሞተሩ ገባ፣ ጣጣው ጀመረ

ሞተር ማውጣትና ማስገባት ነው ከባዱ ያለው ማነው? ከባዱስ ከገባ በኋላ ነው! ነዳጅና አየር በካርቡሬተር የሚቀላቅል ሞተር የነበረው ኮሮላዬ ላይ፣ እዚሁ ግቢ ውስጥ፣ ነዳጁን በኤሌክትሮኒክስ እየለካ የሚረጭ የኢንጀክሽን ሞተር ገጠምን። ተነሳ። ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ አለ። ከዚያ ወዲህ ሰላም የለኝም።

ሚኒሞው (ነዳጅ ሳልረግጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) አንዴ በደቂቃ 2000 ዙር ይወጣል፣ አንዴ ወርዶ ሊጠፋ ሲል መኪናው ይንዘፈዘፋል። ያየው ሁሉ "ካንዴላ ቀይር" ይለኛል። ወንድሜ፣ ብልጭታ የሚሰጠው ካንዴላ አዲስ ነው! "እንግዲያው ነዳጁ ነው።" የነዳጅ ፓምፑንም ቀይረነዋል። የካርቡሬተሩ ፓምፕ ለኢንጀክሽን የሚበቃ ግፊት እንደማይሰጥማ ማንም ያውቃል።

የሚያበግነኝ ሽቦው ነው። ሻጩ ሞተሩን ሲያወርድ ሽቦውን በፒንሳ ቆራርጦታል። ሶኬት መንቀል ምን ያህል ይከብዳል? አሁን እኔ በስልክ መብራት፣ ኮፈን ስር ተደፍቼ፣ ቀለሙ የለቀቀ ሽቦ ቀለሙ ከለቀቀ ሽቦ ጋር አጋባለሁ።

ደግነቱ የድሮ ቶዮታ ኮምፒውተር ይዘህ ና አይልም። ኮፈን ስር ያለችውን ሳጥን ከፍተህ ቲኢ1 የሚባለውን ቀዳዳ ኢ1 ከሚባለው ጋር በሽቦ ስታገናኝ፣ ብልሽቱን በቁጥር የሞተር መብራቷ ብልጭ እያለች ትነግርሃለች። ሁለቴ፣ ቆም፣ ሁለቴ። ኮድ 22! የሞተሩን ውሃ ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ማለት ነው። ሴንሰሩን ቀየርኩ። አሁንም 22። ሽቦው ነዋ!

ሊብሬው ላይ ደግሞ ያለው የድሮው ሞተር ቁጥር ነው። እሱን የማስቀየሩን ወረፋ ገና አልጀመርኩትም።