ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ለምትሄዱ

አሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ ያለው፣ ሴኮያ በሚባሉት ግዙፍ ዛፎች የሚታወቀው ሴኮያ ብሔራዊ ፓርክ የሄደ ሰው ጀነራል ሸርማን የሚባለውን ዛፍ ሳያይ እንዳይመለስ የሚል ጽሑፍ አንብቤ ነበር። ዛፉ ግሩም ነው፣ ቁመቱ 84 ሜትር ገደማ ነው፣ አልከራከርም። ግን ከዋናው መኪና ማቆሚያ ወደ እሱ የሚወስደው መንገድ ቁልቁለት ነው። ስትመለሱ ደረጃና ዳገት ይጠብቃችኋል፣ ቦታው ደግሞ ከባሕር ጠለል ከ2000 ሜትር በላይ ስለሆነ ትንፋሽ ያጥራል። እማዬ ጉልበቷን ስለሚያማት እኛ የመረጥነው እዛው ፓርኩ ውስጥ ያለውን ቢግ ትሪስ ትሬይል የሚባል የእግር መንገድ ነው። ሜዳ ነው፣ የተነጠፈ ነው፣ ዊልቸር ይሄድበታል፣ ዙሩም ከአንድ ኪሎ ሜትር ብዙ አይበልጥም። መሃሉ ላይ ሣር የለበሰ ረግረግ አለ። ሴኮያ እንዲህ ውሃ በተኛበት አፈር ላይ አይበቅልም፣ ስለዚህ ግዙፎቹ ዛፎች ዳር ዳሩን ከበው ቆመዋል፣ ከግርጌ እስከ ጫፍ ቁልጭ ብለው የሚታዩትም ለዚህ ነው። ብዙዎቹ ግንዳቸው ላይ የድሮ ቃጠሎ ጠባሳ አለ። ፍሬያቸውን አድርቆ ከፍቶ ዘሩን የሚያረግፈው የእሳት ሙቀት መሆኑን ስነግራት እማዬ "የእግዚአብሔር ሥራ!" ብላ ቀጥ አለች፣ ብዙ ቆየን እዛ። አደራ፣ ከመንገዱ አትውጡ። የዛፎቹ ሥር ጥልቅ አይደለም፣ ወደ ጎን ነው የሚዘረጋው፣ እግር ሲበዛበት አፈሩ ይጠጥርባቸዋል።