ድምፅ ስለሞላ ብቻ ሁሉም አይፈቀድም

«ሕዝብ የመረጠው ፓርላማ ድምፅ እስከሞላለት ድረስ የፈለገውን ሕግ ማውጣት ይችላል» ላልከው፣ በአክብሮት ላርምህ። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል፤ በአብዛኞቹ አገሮች ግን ትክክል አይደለም።

አባባሉ ወደ እውነት የሚጠጋው በብሪታኒያ ነው። እዚያ በአንድ ሰነድ የተጠቃለለ ሕገ መንግሥት የለም፤ ፍርድ ቤትም ፓርላማው ያወጣውን ሕግ መሻር አይችልም። በአብዛኞቹ ሌሎች አገሮች ግን የፓርላማው ሥልጣን የሚመነጨው ከሕገ መንግሥቱ ነው። ከተሰጠው በላይ የለውም።

ታዲያ ሕገ መንግሥቱን አሻሽሎ ገደቡን ቢያነሳስ? እሱም ሁልጊዜ አይሆንም። የጀርመን መሠረታዊ ሕግ (የአገሪቱ ሕገ መንግሥት) አንቀጽ 79(3) የሰው ልጅን ክብር የሚነካ ማሻሻያ ጨርሶ ይከለክላል፤ መቶ በመቶ ድምፅ ቢገኝም። የሕንድ ደግሞ ይበልጥ ይገርማል። ሕገ መንግሥቷ ይህን መሰል ግልጽ ክልከላ አልነበረውም። ሆኖም በ1973 እ.ኤ.አ. 13 ዳኞች የተሰየሙበት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፓርላማው ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል እንጂ መሠረታዊ መዋቅሩን ማፍረስ እንደማይችል በ7 ለ6 ድምፅ ወሰነ። በአንድ ዳኛ ልዩነት!

ጉዳዩን አጥብቄ የያዝኩት በምርጫ የተሸነፈው ዜጋ መብት ስለሚያሳስበኝ ነው። ፓርላማ አቅም የለውም እያልኩ አይደለም። በጀት ያጸድቃል፣ ግብር ይጥላል፣ ሚኒስትሮችን ጠርቶ ይጠይቃል፤ በብዙ አገሮችም መንግሥትን ከሥልጣን ማውረድ ይችላል።