ለክብርት ወይዘሮ ቢንቢ፦ ካርድ ሳታወጪ ስለምትታከሚበት ጉዳይ

ክብርት ወይዘሮ ቢንቢ፣

አንቱ ልልሽ አስቤ ነበር። ግን ከስንት ዓመት የደም ዝምድና በኋላ አንቱታው ምን ይሠራል ብዬ ተውኩት።

ትናንት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጆሮዬ ሥር መጥተሽ ስታንጎራጉሪ አንቺን ያልኩት ጥፊ ጉንጬ ላይ አረፈ። ምስኪኑ ባልሽ የአበባ ወለላ ቀምሶ ያድራል። አንቺ ግን «ለእንቁላሌ ነው» እያልሽ የልጅ ማሳደጊያውን ሁሉ ከእኔ ትቆርጫለሽ።

የሚብሰው ደግሞ ድግሱ ነው። የወባ ተዋሲያን ከደሜ ተሳፍረው ሆድሽ ውስጥ ይጋባሉ። ከአሥር ቀን በላይ ተቀምጠው፣ ተባዝተው፣ በምራቅሽ ተመልሰው ይመጣሉ። ሠርጉ አንቺ ሆድ፣ መልሱ እኔ ጉበት!

ባለፈው ታምሜ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተሰልፌ፣ ካርድ አውጥቼ፣ ጣቴን ተወግቼ፣ ኮአርተም የሚባለው የወባ ክኒን ተሰጠኝ፤ በቀን ሁለቴ አራት አራት ፍሬ፣ ለ3 ቀን፣ ያውም ቅባት ካለው ምግብ ጋር (በጾም!)። ፋርማሲስቷ አንድ ጊዜ የምትዋጥ ፕሪማኩይን ጨመረችና «ይቺኛዋ ለእርስዎ አይደለችም፤ ለቢንቢዋ ናት» አለችኝ። ለካ የእኔን ትኩሳት አታበርድም፤ ወደ አንቺ ሊሳፈሩ የተዘጋጁትን ሙሽሮች ነው የምትፈጀው። እኔ ታምሜ ያንቺን መድኃኒት ዋጥኩልሽ።

በኬሚካል ስናሳድድሽ ለመድሽው። ከእስያ የመጣችው ዘመድሽ፣ ስቴፈንሲ የምትባለው የቢንቢ ዝርያማ፣ ድሬዳዋ ድረስ ዘልቃ፣ በየበርሜሉ ፈልፍላ፣ በፈረንጆቹ 2022 ከተማውን በወባ አተራመሰችው።

አሁን ግን ተራሽ ደርሷል። በፈረንጆቹ 2019 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች አቶቫኩዎን የሚባለውን የወባ መድኃኒት መስታወት ላይ ቀብተው እህቶችሽን 6 ደቂቃ አሳረፉበት። መድኃኒቱ በእግራቸው ገብቶ ተሳፋሪውን ሆዳቸው ውስጥ ጨረሰው፤ እነሱ ምንም አልሆኑ። አቶቫኩዎን ሰውም የሚወስደው ስለሆነ ተዋሲያኑ እንዳይለምዱት ተሰግቶ፣ ሌሎች መድኃኒቶችም እየተሞከሩ ነው። ነገሩ ገና በጥናት ላይ ነው፤ ሐሳቡ ግን አጎበር ላይ እንዲሆን ነው።

ያለ ሰልፍ፣ ያለ ካርድ፣ ያለ መርፌ፣ አልጋዬ ድረስ መጥቶልሽ! እኔ ቀናሁ።

አጎበሩ የመጣ ቀን ግን አንድ ነገር አደራ፦ ስትገቢ ጫማሽን አውልቂ።

ደም ዘመድሽ