የተባረረው ልጅ የት ይሄዳል?

ድሬዳዋ ውስጥ የወላጆች ስብሰባ ላይ ደጋግሞ የሚነሳ ሐሳብ አለ። «ጫትም ይሁን ሲጋራ ወይም ሀሺሽ፣ ይዞ የተገኘ ተማሪ በዚያው ቀን ይባረር። ድርድር የለም።» ብዙ ጊዜ ይጨበጨብለታል። ልጃቸው የሚያሳስባቸው ወላጆች ናቸው፤ ንዴታቸው ይገባኛል። ሐሳቡን ግን እቃወማለሁ።

የምንኖረው የት እንደሆነ እናስብ። ከድሬ ወደ ሐረር ስንሄድ አወዳይን እናልፋለን። ከዚያ የሚጫነው ጫት ጅቡቲና ሶማሊያ ድረስ ይሄዳል። በአገራችን ጫት መሸጥም ሆነ መቃም ወንጀል አይደለም። ቀትር ላይ ትኩሱ ይገባል፣ ከዚያ በየቤቱ በርጫ ይነጠፋል። ሠርግ ላይ ይቃማል፣ ለቅሶ ላይም ይቃማል። ስንት አባት ነው ለልጁ ብር ሰጥቶ «ሮጥ ብለህ ገዝተህ ና» የሚለው? ታዲያ የዚያ ልጅ ቦርሳ ውስጥ ጥቂት ቅጠል ቢገኝ ልጁን አባርረን አባቱን ምን ልንለው ነው?

የፈተና ሰሞን ደግሞ የባሰ ነው። ብዙዎቹ የሚጀምሩት ለጥናት ብለው ነው። ሌሊቱን ያነቃል ይባላላ! ሲመረቅኑ ሁሉም ነገር የገባቸው ይመስላቸዋል። ጠዋት ሳይተኙ ፈተና ይቀመጣሉ። ውሎ አድሮ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ የሚሉት መጠጥ ይመጣል፣ ሽሻም ይከተላል። ልጁን በጊዜ ማስቆም የሚቻለው የሚያውቀው መምህር በየቀኑ ሲያየው ነው። ካባረርነው ቀኑን ሙሉ የሚውለው እነዚያው የሚያቅሙት ልጆች ጋር ነው።

ይህን መንገድ አሜሪካ ቀድማ ሄዳበታለች። እ.ኤ.አ. በ1994 ትምህርት ቤት ውስጥ ጠመንጃ የተገኘበት ተማሪ ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲባረር የሚያዝ ሕግ ወጣ። ብዙ ትምህርት ቤቶች ያንኑ ጥብቅነት ለዕፅም ለመድኃኒትም አዋሉት። እ.ኤ.አ. በ2003 አሪዞና ውስጥ የ13 ዓመት ተማሪ አይቡፕሮፊን ደብቃለች ተብላ ልብሷን አስወልቀው ፈተሿት። ያው የራስ ምታት ክኒን ነው! ምንም አልተገኘባትም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍተሻው ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ያለው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። የአገሪቱ የሥነ ልቦና ማኅበር ያቋቋመው ግብረ ኃይልም ጉዳዩን መርምሮ፣ እንዲህ ያለው ደንብ ትምህርት ቤቶችን ይበልጥ ሰላማዊ እንዳደረገ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም።

ለክፍል ጓደኞቹ ሀሺሽ የሚያከፋፍል ልጅ ጉዳይ ይለያል። እሱ ላይ ጠንከር ያለ እርምጃ ቢወሰድ አልከራከርም። ግን ማን እንዳቀበለው ሳይጠየቅ አባርሮ መዝገቡን መዝጋት የሚጠቅመው አቅራቢውን ነው።

ጥብቅነት ከፈለግን የምናውለው ሕግ አለን። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሽሻን ከልክሏል። ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ሲጋራም መጠጥም መሸጥ አይቻልም ይላል። ሆኖም ዩኒፎርም ለለበሰ ልጅ በነጠላ ሲጋራ የሚሸጥ ሱቅ አላየሁም የሚል የድሬ ሰው ካለ ይገርመኛል። በሚቀጥለው ስብሰባ ስለ ማባረር ድምፅ ከመስጠታችን በፊት፣ በትምህርት ቤቱ ዙሪያ ያሉ እንዲህ ያሉ ሱቆችና ሽሻ ቤቶች ዝርዝር ይቅረብልን። ወላጆች ፈርመንበት ለፖሊስና ለጤና ቢሮ እናስገባው። መጀመሪያ ለተገኘበት ተማሪ ደግሞ ወላጁ ይጠራ፣ የሚከታተለው መምህር ይመደብለት፣ ትምህርቱንም ይቀጥል።