«በሞቴ፣ እኔ ልክፈል!»

ሐዋሳ በሐይቋ ተወድሳለች፤ በዓሣዋም፣ በታቦር ተራራዋም። ተበዳሪዎቿን ግን እስከ ዛሬ ያመሰገነ የለም። ግፍ ነው። እስቲ እኔ ልጀምር።

ባለፈው እሑድ አራት ሆነን አሞራ ገደል ወረድን። ጥብስ ዓሣ በዳጣ በላን፣ ሾርባውን ጠጣን፣ ሒሳብ መጣ፦ 1,860 ብር። ጦርነቱ ያኔ ተጀመረ።

«በሞቴ፣ እኔ ልክፈል!»
«ሙት! ዛሬማ አትከፍልም።»
«እህት፣ ከሱ እንዳትቀበይ፤ እጣላሻለሁ!»

ያሸነፈው ወዳጄ ነው። ሁልጊዜም የሚያሸንፈው እሱ ነው። ስልኩን አውጥቶ በቴሌብር ላከ። ሒሳቡ ውስጥ 140 ብር ብቻ እንደነበር ከጎኑ ስለተቀመጥኩ አይቻለሁ፤ የጎደለውን «እንደኪሴ» የሚባለው የቴሌብር ብድር ሞላለት። ይህ አገልግሎት በ2014 ዓ.ም. ሲመጣ ስሙን ያወጣው ሰው ሊሸለም ይገባው ነበር። ኪሴ አላለም፤ እንደ ኪሴ ነው ያለው። «እንደ» የምትለዋን ቃል ልብ ብሎ ያነበበ ከዕዳ ይድናል። ወዳጄ ግን ንባብ ላይ ጊዜ አያጠፋም።

አጠገባችን አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች፣ ሦስት ሆነው፣ አንገታቸውን ትከሻቸው ውስጥ ቀብረው ቆመዋል። አይቸኩሉም፣ አይጮኹም፤ ይጠብቃሉ እንጂ። የሰፈራችን ባለሱቅ ትዝ አለኝ።

ፈረንጅ ክሬዲት ካርድ አለው። በየወሩ ባንኩ «ቢያንስ ይህቺን ክፈል» ብሎ አንዲት ትንሽ ቁጥር ይጽፍለታል፤ ሰውየው ትንሿን ይከፍልና ቀሪው ወለድ እየወለደ ይከርማል። ወዳጄ ይህን ሁሉ ያለ ካርድ ይሠራዋል። አቶቴ ባለው ሱቅ በስሙ የተያዘ የደብተር ገጽ አለው፤ ገጹ አናት ላይ «የዞረ 6,430» ተብሎ ተጽፏል፣ ከሥሩ ዘይት፣ ስኳር፣ ኦሞ፣ ዳቦ 6፣ እንደገና ዘይት። ደመወዝ ሲገባ 200 ብር ይከፍልና እዚያው ቆሞ የ350 ብር ዕቃ ይወስዳል። ባለሱቁም «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» ይላል። ምን ይበል? ወሩ ሲጋመስ ደግሞ ወዳጄ በሱቁ በር ማለፍ ይተውና ባጃጁን በኋላ መንገድ ያስዞራል፤ የ20 ብሩ መንገድ 40 ብር ይፈጃል። ክብር ዋጋ አለዋ!

ኢኮኖሚስትም ነው። ብር በገበያ ዋጋ ይተመን ተብሎ ከተለቀቀ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ነገር ሁሉ ሲወደድ ያልደነገጠ እሱን ብቻ አየሁ። ያን ጊዜ በዱቤ የወሰደውን ዘይት ዛሬም በዚያን ጊዜ ዋጋ ነው የሚከፍለው፤ ዱቤ ወለድ የለውማ። ባለሱቁ በዚያ ብር አንድ ጀሪካን እንኳ መተካት አይችልም። እንዲህ ያለ የረቀቀ ትርፍ ከየትኛው ዩኒቨርሲቲ ይማሩታል?

ትልቁ ሥራው ግን ዕቁቡ ነው። በሳምንት 2,000 ብር፣ ሃምሳ ሰው፣ 100,000 ብር። የእህቱ ሠርግ ደረሰና ዕጣ ከወጣለት ሰው ላይ ተራውን በ8,000 ገዛ፤ 92,000 ይዞ ገባ። ድንኳኑ ያማረ ነበር፤ ዶሮውንም በልቼ መስክሬያለሁ። ከዚያ ወዲህ ሳምንታዊውን 2,000 ለመክፈል «መላ» ከሚባለው የቴሌብር ብድር ይበደራል፣ የ«መላ»ን ለመክፈል ከሥራ ባልደረባ፣ የባልደረባውን ለመመለስ ከእኔ። እኔን ደግሞ በዓሣ ይክሰኛል። ጉድጓዱን በጉድጓድ ይደፍናል፤ አፈሩ ከየት እንደሚመጣ ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም።

አንድ የቀረው ማዕረግ አራጣ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ አይለፍ ይላል፤ የወንጀል ሕጉም አራጣን ወንጀል አድርጎታል። ብልህ አበዳሪ ግን ውሉ ላይ ወለድ የሚል ቃል አያጽፍም፤ 50,000 ሰጥቶ «80,000 ተበድሬያለሁ» ብለህ ፈርም ይልሃል። ወዳጄ «አንድ ሰው አለ ይሉኛል» ማለት ጀምሯል።

ቡና ታዘዘ፤ እሱም በእሱ ሒሳብ። ይህኔ ስልኩ ጮኸ። አየት አደረገና ቅንድቡን እንኳ ሳያነሣ በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋው።

«የዕቁቡ ዳኛ ነው» አለኝ። «አንተን ነው የሚፈልገው። ዋሴ አይደለህ?»